ቁጥሩ ያልተፋቀው ጊታር

ቅዳሜ፣ ኅዳር ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ፒያሳ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛና መሸጫ ቤት ውስጥ፣ ታላቅ እህቴ ከሻጩ እጅ የብርጭቆ ወረቀት ቀማች።

ሻጩ አንድ አሮጌ ጃፓን ሠራሽ የኤሌክትሪክ ጊታር ባንኮኒው ላይ በደረቱ አስተኝቶ ጀርባውን ሊፍቅ ነበር። ጀርባው ላይ በቀይ ዘይት ቀለም ቁጥር ተጽፏል። መጀመሪያ የከፍተኛው፣ ቀጥሎ የቀበሌው፣ በመጨረሻ በእዝባር ተለይቶ የንብረቱ ቁጥር። በደርግ ዘመን የቀበሌ ወንበር፣ የቀበሌ ጠረጴዛ፣ ባልዲው ሳይቀር እንዲህ ይጻፍበት ነበር። ጊታሩም ንብረት ነበርና ተጽፎበታል።

እህቴ የቀማችውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ?" አላት ሻጩ። ሰማያዊ ጋዋን የለበሰ፣ ሪዙ የሸበተ፣ ከመቆጣት ይልቅ መሳቅ የሚቀናው ሰው ነው።

"እኔ ምንም አልሆንኩም። አንተ ምን ነካህ? ምን አደረገህ ብለህ ነው የምትፍቀው?"

"ኧረ እኔን ምንም አላደረገኝም። ደንበኛዬ ነው ፍቀው ያለኝ።"

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ በጋዜጠኝነት ሠርቻለሁ። ሰው ሲጯጯህ መሃል አልገባም፤ ማን ምን እንዳለ እሰማለሁ። በዚያ ቀን ግን አመጣጤ እንደ ታዛቢ አልነበረም። እህቴን ላስቆማት ነበር የመጣሁት።

ሐሙስ ማታ የበኩር ልጇ ደውሎልኝ ነበር። "ጋሼ፣ እማዬ አንተን ትሰማለች" አለኝ። "ፒያሳ አንድ ጊታር አይታ እንቅልፍ አጥታለች። በስልሳ ስድስት ዓመቷ! የቀለበት ጣቷ እንኳ አይታጠፍላትም። ፎርጅድ ነው በላትና ትተወው። ከፈለገች እኔ አዲስ የቻይና እገዛላታለሁ።"

ፎርጅድ መሆኑን ሳላረጋግጥ ፎርጅድ ነው ማለት አልችልም። "አየዋለሁ፤ ያየሁትን እነግራታለሁ" አልኩት። እሱ ይህን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

እህቴ ጊታር የጀመረችው በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። ከስብሰባ በፊት የአብዮት መዝሙር ይጫወታሉ፤ ስብሰባው አልቆ ሊቀመንበሩ ሲወጣ ደግሞ ሰዉ እስኪበተን ድረስ የፈለጉትን ይጫወታሉ። ኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ መድረክ ላይ የምትቆም ሴት በሰፈራችን ከእሷ በቀር አልነበረችም። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነኝ። ወንዶቹ "ለጌጥ ነው የያዘችው" ሲሉ እሰማ ነበር። ለጌጥ አልነበረም። ማንም ሳያስተምራት የሌሎቹን ጣት እያየች ነው የለመደችው።

ጊታሩ የእሷ አልነበረም። ልምምድ ሲያልቅ ለንብረት ክፍሉ ታስረክባለች። ንብረት ክፍሉ ስድስቱንም ክር አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ቆጥሮ ይረከባታል። አንድ ቀን ክር ተበጥሶባት የተበጠሰውን ጠቅልላ ይዛ ስለሄደች ነው ያመናት። ለአንድ እንቁጣጣሽ ቤት ወስጄው ልደር ብላ ለመነችው። "የሰፊው ሕዝብ ንብረት ሰፊው ሕዝብ ቤት አያድርም" አላት። ሲቀልድ አልነበረም።

እናታችን ስትሞት እህቴ ከኪነቱ ወጣች። እኛን አሳደገች። ከዚያ የራሷን ልጆች። ጊታር በየትኛውም ዓመት ከሚገዙት ነገሮች ውስጥ አልነበረም። ጡረታ ከወጣች በኋላ፣ ከዚያች ቅዳሜ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ መነጽሯን ልታሠራ ፒያሳ ወጥታ በመስኮት ያንን ጊታር አየች። የቀበሌያችን ጊታር ይሆን ብዬ እኔም ጠርጥሬ ነበር። አይደለም። ቅርጹ ያው ነው፣ ቁጥሩ የሌላ ቀበሌ ነው። እሷም ገና እንዳየችው "የኛ አይደለም" ነው ያለችው። ግድም አልሰጣት።

ወደ ሱቁ ልመለስ።

"ደንበኛህ ለምንድነው የሚያስፍቀው?" አለች።

"ወደ ውጭ ነው የሚልካቸው" አለ ሻጩ። "አሮጌ የጃፓን ጊታር ውጭ አገር ፈላጊው ብዙ ነው አሉ። የመንግሥት ቁጥር እያለበት ኤርፖርት ይያዝብኛል ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ቁጥሩ ይጠፋል፣ ጊታሩ ይሄዳል።"

"ቀብድ ሰጥቶሃል?"

"በስልክ ነው የተነጋገርነው።"

"ስልክ ቀብድ አይደለም።"

ሻጩ ወደ እኔ ዞሮ "ሕግ ነው እንዴ ያጠኑት?" አለኝ።

"ልጅ ነው ያሳደገችው" አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ እኔ የምፈልገውን ሐሳብ ራሱ አመጣው፤ ከኋላው ካለው መደርደሪያ ሌላ ጊታር አወረደ። ቀይ ነው፤ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። "እትዬ፣ ይሄን ይውሰዱ። የዚያኛው መንትያ ነው፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው። ይሄ ንጹሕ ነው። ማንም አይይዝብዎትም፣ ማንም አይጠይቅዎትም።"

ሁለቱን ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አስተኛቸው። ቁጥር ያለበት ከመሃሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ዳር ዳሩ እየጠቆረ የሚሄድ፣ የፋብሪካ ቀለሙን ያልለቀቀ ነው። ቀለሙ በደረቱ በኩል የተጫዋች ክርን ባረፈበት ቦታ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። ቀዩ ታድሷል። በቀዩ ጊታር ጫፍ ላይ፣ መቃኛ ቁልፎቹ መሃል፣ በብሩሽ የተጻፈ የአሜሪካ ጊታር ስም አለ።

"ከአንድ ፋብሪካ ከወጡ ይሄ እንዴት አሜሪካዊ ሆነ?" አልኩት።

"እኔ ነኝ አሜሪካዊ ያደረግኩት" አለ ምንም ሳያፍር። "ድሮ ጃፓን ሲባል ሰው ይስቅ ነበር። 'የጃፓን ዕቃ ዝናብ ሲነካው ይሟሟል' ይላሉ። እኔ ደግሞ ቤቴ ሙሉ ጃፓን ነው። የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ጓደኛ ነበረኝ። የጃፓኑን ስም ፍቄ እሰጠዋለሁ፣ እሱ አሜሪካ አድርጎ ይጽፍልኛል፤ በሳምንቱ ይሸጣል። ይሄ ብቻ ሳይሸጥ ቀረ።"

"አሁንስ?"

"አሁን ጃፓን ነው የሚፈለገው።"

"እንግዲያው አሜሪካውን ፍቀህ ጃፓኑን አውጣዋ" አለች እህቴ።

"ከሥሩ ምን ቀርቶ እትዬ? በራሴ እጅ ነው የጨረስኩት።" ሁለቱን እጆቹን አሳየን። "በዚህ ከተማ ያለ ጊታር ግማሹ ስሙን ያጣው በኔ እጅ ነው።"

እኔ ሥራዬን ጀመርኩ። ሻጩ ሜትር አዋሰኝ። ከላይ ክሮቹ ከሚጀምሩበት እስከ ታች የሚያርፉበት ብረት ድረስ ለካሁ፤ የሁለቱም ርዝመት እኩል ነው። ሁለቱም ከተለመደው ያጠሩ ናቸው፤ ለትንሽ እጅ ይመቻሉ። አንገታቸውን ዓይኔ ሥር አድርጌ እንደ ጠመንጃ አነጣጥሬ አየሁ። የቀዩ ቀጥ ያለ ነው። ቁጥር ያለበት በመጠኑ ጎብጧል። ድምፅ የሚቀበሉት ማግኔቶች በቀዩ ላይ ሁሉም ይሠራሉ፤ በሌላው ላይ አንዱ ሞቷል። ከመቃኛ ቁልፎቹ አንዱ ከሌላ ጊታር ተነቅሎ የተገጠመ ነው። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ እንደ አሮጌ ሬዲዮ ይንኮሻኮሻሉ።

ከዚያ ሻጩ ሁለቱንም በየተራ ድምፅ ማጉያ ላይ ሰክቶ በራሱ መንገድ ፈተናቸው። እሱ ጊታር ሲፈትን ክሮቹን ባንድ ላይ እየመታ ኮርድ አይጫወትም። አንቺሆዬ ቅኝትን ነው የሚጫወተው። "አንቺሆዬ ላይ ድምፆቹ በጣም ይቀራረባሉ፤ የተበላሸ ጊታር ባቲ ላይ ሊያታልልህ ይችላል፣ እዚህ ግን ይጋለጣል" አለኝ። ቀዩ ከላይ እስከ ታች አልተጋለጠም። ቁጥር ያለበት አንገቱ መሃል ላይ ሁለት ቦታ ዘመመ።

ያየሁትን ለእህቴ ነገርኳት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ሁለቱም እውነተኛ ጃፓን ሠራሽ ናቸው፣ በብዙ ነገር ግን ቀዩ ይሻላል።

"ጨርሰሃል?" አለችኝ።

"ጨርሻለሁ።"

"እሺ። ያንን ነው የምወስደው" ብላ ቁጥር ያለበትን አነሳች።

"እቴቴ፣ የነገርኩሽን ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ። እስቲ የቀዩን አንገት ጨብጠው።" ጨበጥኩት። "አሁን የዚህን።" ጨበጥኩት። የቀዩ አንገት ላይ የታደሰው ቀለም ደርቦ ደርቦ ወፍሯል፤ እጅ ላይ ይጣበቃል። የሌላው እንጨት ብዙ እጅ ያለሰለሰው ነው፤ ቀጠን ይላል። እህቴ ግራ እጇን ዘረጋችልኝ። የቀለበት ጣቷ መገጣጠሚያው ላይ አብጦ በከፊል ብቻ ነው የሚታጠፈው። ቀዩን ስትይዝ አውራ ጣቷና ሌሎቹ አይገናኙም። ያንን ስትይዝ ይገናኛሉ።

"አንተ የለካኸው ጊታሩን ነው" አለችኝ። "እጄን አልለካህም።"

ይህን አምኜ ተቀበልኩና በሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኝ ነበር፤ የማይታለፍ ጥያቄ። ጊታሩ ላይ ያለው ቁጥር የመንግሥት ንብረት ነው ይላል። ከቀበሌው እንዴት ወጣ?

"በሐራጅ ነው" አለ ሻጩ። "አዳራሹ ሊፈርስ ሲል መጋዘኑን አጸዱት። ወንበር በጥቅል ገዛሁ፤ ከወንበሮቹ መሃል ከበሮና ይሄ ጊታር ነበሩበት። የተቀመጥክበት ወንበር ከዚያው ነው።"

ተነስቼ ወንበሩን ገለበጥኩት። ከሥሩ ቀይ ቁጥር አለ። ያው ከፍተኛ፣ ያው ቀበሌ፣ ያው የእጅ ጽሑፍ፤ ሰባት ቁጥሩ እንኳ በዚያው ዓይነት ተጎንብሷል።

"አንድ ምንጭ ነህ" አልኩት። "ሁለተኛ እፈልጋለሁ።"

"ሁለተኛዋ እዚያ ማዶ ሻይ ቤት ናት። የተረፉትን ወንበሮች የገዛችው እሷ ናት።"

መንገዱን ተሻገርኩ። ሻይ ቤቷ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ባለቤቷን ሰላም ብዬ ወንበሮቿን ከሥር ማየት እንደምፈልግ ነገርኳት።

"ከሥር?" አለች። "ሰው እላዩ ላይ እያለ?"

"አንድ ብቻ ይበቃኛል።"

"እናንተ፣ አንዳችሁ ተነሱለት! መርማሪ ኮሚሽን ነው መሰለኝ፣ ወንበር ሊመረምር መጣ።"

ሳምቡሳ የሚበላ አንድ ወፍራም ሰውዬ "እኔ ከተነሳሁ ሒሳብ አልከፍልም" እያለ ተነሳ። ወንበሩን ገለበጥኩ። ያው ቁጥር፣ ያው እጅ ነው። ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኳት። ሐራጁ በአደባባይ እንደነበረ፣ ከጊታር ቤቱ ሰውዬ አጠገብ ቆማ እንደነበረ ነገረችኝ። "ጊታር ሲሉ ማንም እጅ አላነሳም" አለች። "'ከወንበሮቹ ጋር ውሰደው' ብለው ወረወሩለት። እኔ እንኳ ለልጆች መጫወቻ ስጠኝ ብዬው ነበር፣ እምቢ አለ።"

ሁለት ምንጭ፣ አንድ ታሪክ። አመስግኜ ተመለስኩ። ጊታሩ በሕጋዊ መንገድ የወጣ ነው፤ ይህ ለእኔ ተረጋግጧል።

ስገባ ደንበኛው መጥቶ ነበር። ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ በሆቴሎች ጊታር የሚጫወት ሰው ነው። በጎን እነዚህን አሮጌ ጊታሮች እየሰበሰበ ውጭ ላሉ ገዢዎች ይልካል። እህቴ ሻጩ የሰጣት ዱካ ላይ ተቀምጣ ጊታሩን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

"ፋዘር፣ ትናንት በስልክ ምን ተባባልን?" ይላል።

"ተባብለናል።"

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

"ታዲያማ እሳቸው ቀብድ ሰጡ።"

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ነው። "መቼ?" አልኳት።

"አንተ ወንበር ስትገለብጥ" አለች እህቴ።

ደንበኛው ወደ እሷ ጎንበስ አለ። "ማዘር፣ ይሄ ለግድግዳ የሚሆን ጊታር አይደለም። የመድረክ ነው።"

"ማዘር የምትለው ማንን ነው? እናትህን ቤት ነው የተውካት።"

ሻጩ ሳቁን በጋዋኑ እጅጌ ጠረገው።

"እሺ፣ ይቅርታ። ግን ተጫወቺ እስቲ። ጊታር የሚገባው ለሚጫወተው ሰው አይደል?"

እህቴ ኬብሉን ጠየቀች። ሻጩ ሰካላት። የድምፁን ቁልፍ ራሷ ከፈተች።

የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ። አንቺሆዬን ጀመረች። ሦስተኛው ድምፅ ላይ የቀለበት ጣቷ አልደረሰም፤ ክሩ ተንኮሻኮሸ። ቆመች። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ያንን አልፋ ቀጣዩን ሳተች። ደንበኛው በአፍንጫው ሳቀ። አላየችውም፤ ወይም አይታው ተወችው። የቀለበት ጣቷን ትታ በትንሿ ጣት መጫን ሞከረች። አንገቱ የጎበጠበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፁ ዘመመ፤ ይህ የእሷ ጥፋት አልነበረም፣ የጊታሩ ነው። ቀስ እያለች፣ ለጆሮ የማይመች ሆኖ፣ እስከ መጨረሻው ሄደች። ማንም አላጨበጨበም።

"ብዙ ተሳሳትኩ?" አለችኝ።

"ብዙ።"

"ጨረስኩ?"

"ጨርሰሻል።"

"በቃ።"

ደንበኛው ቀዩን አንስቶ ያንኑ አንቺሆዬ ተጫወተው። ጎበዝ ነው። ከመፍጠናቸው የተነሳ ጣቶቹ አይታዩም። ሻጩ እንኳ ራሱን ነቀነቀ። ሲጨርስ "አየሽ?" በሚል ዓይን አያት።

"ጎበዝ ነህ" አለች። "ይሄን ያህል የምትችል ሰው ለምንድነው የምትሸጣቸው?"

ይህን አልጠበቀም። "መብላት አለብኝ፣ ማዘር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ብላ። ይሄን ግን አትበላውም።"

ያኔ ወደ ሻጩ ዞሮ የንግድ ቋንቋ ጀመረ። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ከለወጠ እጥፉን ይመልሳል፤ ይህን ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። "ፋዘር፣ እጥፉን እኔ እችላለሁ" አለ። "አሁን እዚሁ። ስጣትና ትሂድ። የጊታሩንም ካሰብነው በላይ ጨምሬ እከፍላለሁ።"

ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ሻጩ አየው። ብዙ ነበር፤ ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ማንም አልቆጠረውም። ሻጩ ቤቱን በቅርቡ ሊለቅ ነው፤ ሕንጻው ይፈርሳል ተብሎ ከጎኑ ያሉት ሱቆች ግማሾቹ ተዘግተዋል። ለዕቃ ማመላለሻ፣ ለአዲስ ቤት ኪራይ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከገንዘቡ ላይ የቀብዷን እጥፍ አንስቶ ወደ እህቴ ዘረጋ።

"እትዬ፣ ይውሰዱ። ሕግ ነው።"

እህቴ እጇን አልዘረጋችም። አንዱ እጇ የጊታሩን አንገት ይዟል፤ ሌላው ሆዱ ላይ ነው።

"እጄ ሥራ ላይ ነው" አለች።

"እሺ፣ ቦርሳዎት ውስጥ ላስገባው?"

"ቦርሳዬን ከነካህ እጮሃለሁ።"

"ማዘር፣ ሕግ እኮ ነው" አለ ደንበኛው።

"ሕጉ እሱ ይመልስ ይላል። እኔ ልቀበል አይልም።"

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ ሕጉ እንዲህ ይል እንደሆነ እንድነግራቸው። የማላውቀውን አልናገርም። "አላውቅም" አልኩ።

"እቴቴ" አልኳት ከዚያ፣ ልጇን አስታውሼ፣ "እጥፉን ይዘሽ ሌላ የተሻለ መግዛት ትችያለሽ።"

ዞራ አየችኝ። ካልኳት ሁሉ ያስቆጣት ይሄ ሆነ። "በልጅነቴ በየማታው መልሻለሁ" አለች። "ክሩን አስቆጥሬ መልሻለሁ። የተበጠሰውን ክር ጠቅልዬ መልሻለሁ። አንድ ቀን ቤቴ አሳድሬው አላውቅም። ስመልስ ነው የኖርኩት። ይሄን አልመልስም። ብችልም ባልችልም፣ ግድግዳ ላይ ብሰቅለውም፣ ስሞት ብቀበርበትም፣ አልመልስም።"



ሻጩ ገንዘቡን ወደ ደንበኛው መልሶ ገፋው። "አልተቀበሉኝም" አለ። "ምን ላድርግ? ጉሮሯቸው ውስጥ አልከተው።"

"ፋዘር፣ በሴትዮ ተሸነፍክ?"

"ተሸነፍኩ። ደግሞ ሰማህ፣ አንተ ልጅ፣ በዚህ ባንኮኒ ላይ ስፍቅ ነው የኖርኩት። ስም ፍቄያለሁ፣ ቁጥር ፍቄያለሁ። እኔ ራሴ ከዚህ ቤት እየተፋቅኩ ነው። አንዱ እንኳ ሳይፋቅ ይውጣ።"

ደንበኛው ገንዘቡን ሰበሰበ። ተቆጥቷል ማለት አልችልም። በሩ ላይ ደርሶ ዞረና "ማዘር፣ አንገቱን ማቃናት ከፈለግሽ ደውዪልኝ፣ በነጻ አቃናልሻለሁ" አለ። እህቴ "ስልክ ቀብድ አይደለም" አለችው። እየሳቀ ወጣ። ቀዩን ይዞ አልሄደም፤ አልፈለገውም።

እህቴ ቀሪውን ሒሳብ ቆጥራ ከፈለች፤ ሻጩ አንዲት ትንሽ ማጉያ ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ አወጣና መረቀላት። ማስቀመጫ ቦርሳ አልነበረውም። በጋዜጣ ልጠቅልልዎት ሲላት እምቢ አለች። ጊታሩን በማንገቻው ጀርባዋ ላይ አነገተችው፤ ፊቱ ወደ ጀርባዋ፣ ቀይ ቁጥሩ ወደ ውጭ። እንዲያ ሆና ፒያሳ መሃል ለመሃል ሄደች። እኔ ማጉያውን ተሸክሜ ከኋላዋ ነበርኩ። ሰው እየዞረ ያያት ነበር። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ አስቆማት።

"እናቴ፣ ይሄ የመንግሥት አይደለም?"

"ነበር" አለችው። "አሁን የኔ ነው።"

ወደ እኔ አየ። "በሐራጅ የተሸጠ ነው፤ አጣርቻለሁ" አልኩት። አሳለፈን።

ታክሲ ውስጥ ወያላው ማጉያው ወንበር ስለያዘ የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሩ አለ። እህቴ "ሬዲዮ ነው፣ አፉን ዘግቷል፣ ሰው አይደለም" አለችው። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ወያላው ግን አልማረንም። ከፈልን። ስድስት ኪሎን ሳናልፍ ልጇ ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ እንዴት ሆነ? ፎርጅድ ነው?"

"ፎርጅድ አይደለም።"

"ደህና ጊታር ነው?"

"አንገቱ ጎብጧል። አንዱ ማግኔት ሞቷል።"

"ጎሽ! ነግረሃታል?"

"ነግሬያታለሁ።"

"እሷስ ትችላለች እንዴ?"

"ዛሬ አልቻለችም።"

"ታዲያ?"

"ገዝታዋለች።"

 ከዚያ "አንተ ልታስቆማት አልነበር የሄድከው?" አለኝ። ላስቆማት ነበር የሄድኩት፤ ለእሱ ያልኩት ግን ያየሁትን እነግራታለሁ ነበር፤ ነግሬያታለሁ። ይህንኑ ደገምኩለት። እህቴ ከጎኔ ሆና ሁሉንም ትሰማ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወስዳ "ልጄ፣ አጎትህን አትጨቅጭቀው፤ ምሳ ብላ" ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ አፍንጮ በር እቤቷ ሄድኩ። ጊታሩ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። የቀለበት ጣቷን በፕላስተር ከመሃል ጣቷ ጋር አስራለች፤ ሁለቱን እንደ አንድ ጣት ልትጠቀምባቸው ነው። ገና አልተሳካላትም። እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንድ ዓይነት ስህተት ደጋግማ ትሳሳታለች፤ በተሳሳተች ቁጥር ወደ መጀመሪያው ተመልሳ እንደገና ትጀምራለች።

አሥር ሰዓት ላይ የግቢው ጎረቤት በሩን አንኳኳ። እንግዳ እንዳለበት ነገራትና ድምፁን ቀነስ እንድታደርግለት በትሕትና ጠየቃት። የማጉያው የድምፅ ቁልፍ ያኔ ሦስት ላይ ነበር። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ አምስት ላይ ነበር።